የሰብል ባሕርይን በጋራ መዝገበ ቃላት መመዝገብ፦ የኮምፒውተር መሣሪያ ሲታቀድ

ከልማት ጣቢያዎችና ከዘር አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሚመጡ ቅጾች ላይ አዘውትረን ከምናገኛቸው አገላለጾች አንዱ «ዋግ ይቋቋማል» የሚለው ነው። አነጋገሩ በገበሬው ዘንድ ይገባል፤ ለመረጃነት ግን አይበቃም። ስንዴን የሚያጠቁ ዋጎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና የግንድ ዋግ ናቸው። እያንዳንዱም ሬስ የሚባሉ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ስላሉት አንዱን የሚቋቋም ዝርያ በሌላው ሊጠቃ ይችላል።

ለዚህ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገላማን ሲያጠቃ፣ ዲገሉ ስለተቋቋመው ብዙ ገበሬዎች ወደ እርሱ ዞሩ። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የታየውንና ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ ሬስም ይቋቋም ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ የግንድ ዋግ ሬስ ተነሥቶ፣ በተለይ በባሌ የዲገሉን ማሳዎች ክፉኛ አጠፋ። ቅጽ በደንብ ቢሞላ ወረርሽኙ ይቀር ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን «ተቋቋሚ» የሚለው ቃል የትኛውን ዋግ፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ልክ ተለክቶ የሚሉትን ካልያዘ፣ ያንን ቃል አምኖ ዘር የሚገዛው ማኅበር ምን እንደገዛ አያውቅም።

ይህን ችግር ለማቃለል ተመራማሪዎች ኦንቶሎጂ የሚባለውን አሠራር ይጠቀማሉ። ስሙ ከፍልስፍና የተወሰደ ስለሆነ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ትርጉሙና ቋሚ ቁጥሩ ተሰጥቶት፣ ከሌሎቹ ቃላት ጋር ያለው ዝምድና የተጻፈበት መዝገብ ነው። የግንድ ዋግ የዋግ ዓይነት መሆኑን፣ ዋግም የበሽታ ዓይነት መሆኑን መዝገቡ ስለሚያውቅ፣ «በሽታ» ብሎ የፈለገ ሰው የሁሉንም መረጃ ያገኛል። በዘረመል ጥናት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 በጂን ኦንቶሎጂ ተጀመረ። ለሰብሎች ደግሞ ክሮፕ ኦንቶሎጂ የተባለው መዝገብ አለ፤ በእርሱም የስንዴ ክፍል ቁጥር 321፣ የገብስ 323፣ የማሽላ 324 ነው።

የክሮፕ ኦንቶሎጂ አሠራር ለእኛ ሥራ የሚመችበት ምክንያት አንድን መረጃ በሦስት ነገሮች ማሰሩ ነው፤ ይኸውም በባሕርዩ፣ በአለካኩ ዘዴና በመለኪያው። የዋግን ምሳሌ ብንወስድ ባሕርዩ የግንድ ዋግ ጥቃት ነው። ዘዴው የተሻሻለው የኮብ ሚዛን የሚባለው ሲሆን፣ መለኪያውም ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መቶኛና ሰብሉ የሰጠው ምላሽ ነው። ስለዚህ «40 ተጠቂ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ባሌም ይሁን ጎጃም ሌላው ባለሙያ በአንድ ዓይነት ይረዳዋል። የሰብሉ ዕድገት ደረጃም ቢጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው የዛዶክስ ባለ ሁለት አኃዝ ሚዛን አለ።

ቀላል በሚመስሉት ባሕርያት ላይም ቢሆን ስሕተት ይበዛል። «በ120 ቀን ይደርሳል» ሲባል ቀኑ የሚቆጠረው ከተዘራበት ነው ወይስ ከበቀለበት? ዝናብ በዘገየበት ዓመት ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የስንዴ ቁመት ሲለካስ ዛላው ላይ ያለው ፀጉር ይጨመራል ወይስ አይጨመርም? ምርት በኩንታል ተጽፎ የእህሉ እርጥበት ካልተጻፈ፣ ወይም ማሳው በጥማድ ተለክቶ ጥማዱ በዚያ አካባቢ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ሁለት ወረዳዎችን ማወዳደር አይቻልም።

እንግዲህ አንድ ምርምር ጣቢያ ወይም ዩኒየን ለዚህ ሥራ የኮምፒውተር ወይም የስልክ መሣሪያ ለማሠራት ሲያስብ ከምን ይጀምር? በእኛ አስተያየት ከስክሪኑ መልክ አይጀምር። ፕሮግራም ሠሪው በመጀመሪያው ቀን የሚያማምሩ ገጾችን ስሎ ቢመጣ፣ ትሕትና ባልጎደለው መንገድ መልሳችሁ ስጡት። በመጀመሪያ መረጃውን ማን፣ የት ቆሞ፣ በምን ቋንቋ እንደሚመዘግብ ይወሰን፤ ቀጥሎም የሚመዘገቡት ባሕርያት በዝርዝር ይለዩ። ሃምሳ ባሕርይ ከመጠየቅ በትክክል የሚሞሉ ስምንት መጠየቅ ይሻላል።

መዝጋቢው ማሳ ላይ ቆሞ ቃል እንዲጽፍ ሳይሆን ከዝርዝር እንዲመርጥ ይደረግ። መሣሪያው በውስጡ የሚያስቀምጠው ቋሚ ቁጥሩን ይሁን፤ ለሰው የሚያሳየው ግን በሰውየው ቋንቋ ይሁን። ስንዴ፣ ቀመዲ፣ ስርናይ የሚሉት ሦስቱም ወደ አንድ ቁጥር ይመሩ። በአማርኛ ፍለጋ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ዓይነት» እና «አይነት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀና ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚሠራው የለም።

ኔትወርክ በሌለበት መሥራቱም ግድ ነው። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፊልድ ቡክ የተባለው የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራም ማሳ ላይ ያለ ኔትወርክ መመዝገብ ያስችላል፤ ስለሆነም አዲስ ከማሠራት በፊት እንዲህ ያለውን መሞከር ገንዘብ ያድናል። ስልክ ለሌለው ጣቢያ የሚላከው የወረቀት ቅጽ ቃላቱም ቁጥሮቹም ከስልኩ ጋር አንድ ይሁኑ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በመዝገቡ ውስጥ የሌለ ነገር ሲገጥም ነው። ገበሬው ማሽላውን የሚለየው በእንጀራው ልስላሴ፣ በአገዳው ጣፋጭነት ወይም ወፍ ስለማይደፍረው ይሆናል። መሣሪያው ለዚህ ቦታ ከሌለው መዝጋቢው ወይ ይተወዋል ወይ «ሌላ» ከሚለው ውስጥ ይወረውረዋል፤ በዓመቱ «ሌላ» ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ የገበሬው ቃል እንደተነገረ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር፤ ከዚያም አዲስ ቃል ማን እንደሚቀበል፣ ማን ትርጉም እንደሚሰጠውና በስንት ቀን መልስ እንደሚመለስ ከወዲሁ ይወሰን። ይህን የሚሠራ አንድ ባለሙያ በስም ያልተመደበለት መሣሪያ ከሁለት የመኸር ወቅት በላይ ሲያገለግል አላየንም። ቃል ሲሻሻልም የቀድሞው ቁጥር አይፋቅ፤ «በዚህ ተተክቷል» ተብሎ ይቆይ፤ አለዚያ የአምናው መረጃ ትርጉም ያጣል።

በየጣቢያው መደርደሪያ ያሉትን አሮጌ ደብተሮች በተመለከተ፣ «ዋግ ይቋቋማል» የሚለውን የግንድ ዋግ ነው ብላችሁ በግምት አታስገቡ። እንዳለ ገልብጣችሁ «ዋግ» በሚለው ጠቅላላ ቃል ሥር መዝግቡት፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀበሌውንና የመዝጋቢውን ስም አስከትሉ። የዚያን ዓመት የበሽታ ቅኝት ውጤት ሲገኝ ባለሙያው ሊለየው ይችላል።