ሰዓትዎ የልብ ምትዎን በትክክል ይቆጥራል?

የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስረው ስፖርት ይሠራሉ? ሰዓቱ በሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳዎ እየላከ የደምዎን መጠን መለዋወጥ ይለካል። እጅ ሲወዛወዝ ወይም ክብደት ሲጨብጥ ግን ንባቡ ይዛባል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 7 መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትሽ፣ 6ቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል። ከእግር ጉዞ ይልቅ በብስክሌት ላይ የተሻሉ ነበሩ። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ተሳስቷል፤ እሱን አምነው እራት እንዳይጨምሩ!

ሐኪም የልብ ምት ገደብ ከወሰነልዎ በሰዓቱ ብቻ አይመኑ። ቆም ብለው ወዲያውኑ ከአውራ ጣትዎ ሥር፣ አንጓዎ ላይ ያለውን ትርታ በሁለት ጣት ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ሰዓቱ ምንም ይበል፣ ስፖርቱን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ።