የላይኛው መንጋጋ እድገት በራጅ ሲለካ

የላይኛው መንጋጋ በልጅነትና በጉርምስና ዘመን ወደ ፊትና ወደ ታች ያድጋል፤ የአንድ ዓመት ለውጡ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። «ምላስን ላንቃ ላይ አጣብቆ መዋል መንጋጋን ያሳድጋል» የሚሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች በማስረጃነት የሚያቀርቡት ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት የስልክ ፎቶዎችን ነው። አገጭ ቀና ሲል መልክ ይለወጣል፤ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ምላሱን የትም ቢያኖር ያድጋል። ፎቶዎቹ ስለ አጥንት የሚናገሩት ነገር የለም።

መለኪያው ከጎን የሚነሳ የራስ ቅል ራጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ብሮድቤንት በአሜሪካ፣ ሆፍራት በጀርመን ጭንቅላትን በአንድ አቋም ይዞ የማንሳቱን ዘዴ ለየብቻ አስተዋወቁ። ርቀቱም መጠበቅ አለበት። የጨረሩ ምንጭ ከጭንቅላቱ መሃል 150 ሳንቲ ሜትር፣ ፊልሙ ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቁ ምስሉ በ10 በመቶ ይገዝፋል። ርቀቱን ሳያመሳስሉ ሁለት ራጆችን ማነጻጸር ያልነበረ እድገት ይፈጥራል።

ዋናው ችግር ግን ከምን ተነሥቶ ይለካ የሚለው ነው። ጣና ላይ የአንዲት ታንኳ ጉዞ የሚታወቀው በዳር ባለ ዛፍ እንጂ አብራት በምትቀዝፍ ሌላ ታንኳ አይደለም። ለመንጋጋ እንደ ዛፉ የሚያገለግለው ቀድሞ የሚረጋው የራስ ቅል መሠረት የፊተኛው ክፍል ነው፤ ሁለቱ ራጆች እዚያ ላይ ይነባበራሉ። የመንጋጋው የራሱ ገጽታ አይታመንም። ዴንማርካዊው አርነ ብዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ የታንታለም ካስማዎችን በልጆች መንጋጋ ውስጥ ተክሎ በየጊዜው ራጅ አነሣ። ካስማዎቹ ያሳዩት አጥንቱ ወደ ታች ሲወርድ የአፍንጫው ወለል ከላይ እየተሸረሸረ፣ ላንቃው ከታች እየተደረበ መሄዱን ነው። መንጋጋው ዞሮም እንኳ ሽርሸራውና ድርብርቡ ዙሩን ይሸፍኑታል። ላንቃን በላንቃ ላይ ያነባበረ ሐኪም ይህን ሁሉ አያይም።

ቀሪው ጥያቄ ልጁ ገና ያድጋል ወይ የሚለው ነው። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ በጣና ዙሪያ ገጠሮች ዕድሜው ራሱ ግምት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያው ራጅ ላይ የሚታዩት የአንገት አጥንቶች ቅርጽ ይነበባል። እዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም፤ አንዱን ምስል ሁለት ሐኪሞች በተለያየ ደረጃ ሊመድቡት ይችላሉ፣ ደረጃውም የሚናገረው ስለ አጠቃላይ የሰውነት እድገት እንጂ በቀጥታ ስለ መንጋጋው አይደለም። ለላይኛው መንጋጋ አቀማመጥ የሚጠቀሰው የ82 ዲግሪ ማዕዘንም ከነጭ አሜሪካውያን የተወሰደ በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንደ ጤና ወሰን አይወሰድም። የሕክምና ውሳኔ የማይቀይር ተደጋጋሚ ራጅ ደግሞ ለልጁ ትርፉ ጨረር ብቻ ነው።