ነጭ ሽንኩርት ለደም ሥርና ለቆዳ፦ የሚሠራውና የማይሠራው

በቴሌግራምና በቲክቶክ የማይሞት አንድ ምክር አለ። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ሳያኝኩ ይዋጡ፣ የደም ግፊት ክኒንዎን ይተዉ፤ ማታ ደግሞ ወቅጠው ጭርቱ ወይም ብጉሩ ላይ በጨርቅ አስረው ይደሩ ይላል። በአንድ ምክር ውስጥ ሦስት ጥፋት አለ። ሳይታኘክ የተዋጠው ፍልቃቂ የሚፈለግበትን ሥራ በቅጡ አይሠራም። ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። ቆዳ ላይ ታስሮ ያደረ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ውሃ የቋጠረ የቃጠሎ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ይህን የሚያሰራጩ ሰዎች ክፉ ሐሳብ ላይኖራቸው ይችላል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን አምኖ በተቀበላቸው ታማሚ ላይ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከበርበሬው፣ ከአዋዜው፣ ከወጡ አይጠፋም፤ ለጉንፋን ከማር ጋር ይበላል፤ ጭርትና ቋቁቻም ይታሽበታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ወዲያው ሰማይ ነክቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ የለም ብሎ አስታውቋል። ሕዝብ ይህን ያህል ያመነው ተክል ስለሆነ ነው በትክክል ሊነገርለት የሚገባው።

ያልተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ሥር ቢይዙት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ቢላ ሲያርፍበት ግን ቤቱን ይሞላዋል። ሽታው ቀድሞ ውስጡ አልነበረም ማለት ነው፤ የተሠራው በተቆረጠበት ቅጽበት ነው። በሕዋሱ ውስጥ አሊን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በአንድ ወገን፣ አሊኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ከረጢት ተለያይተው ይቀመጣሉ። የክብሪት እንጨትና መጫሪያው በአንድ ሳጥን አብረው እያሉ ሳይጫሩ እሳት እንደማይፈጥሩ ሁሉ፣ ሁለቱም ግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ አይገናኙም። ሙቀጫው፣ ቢላው ወይም ጥርስ ግድግዳውን ሲያፈርሰው ኢንዛይሙ አሊኑን ይይዝና በሰከንዶች ውስጥ አሊሲን ይወጣል። ለተክሉ ይህ መሣሪያው ነው፤ የሚበሉትን ነፍሳትና የሚያጠቁትን ፈንገሶች ይመልስበታል።

አሊሲንን እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው ያወጡት ቼስተር ካቫሊቶና ጆን ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በስዊዘርላንዷ ባዝል አርተር ስቶልና ኤዋልድ ዜቤክ መነሻው አሊን መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ኢንዛይሙ ተሰባሪ መሆኑን ያስረዳሉ። ሙሉ ፍልቃቂ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ቢቆይ አሊኔዝ ይከሽፋል። ተወቅጦ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቢሞቅ ግን ከሥራው የተወሰነው ይተርፋል፤ አሊሲኑ እሳቱን ቀድሞ ተሠርቷልና። የጨጓራ አሲድም ኢንዛይሙን ያዳክመዋል። ሳይታኘክ በባዶ ሆድ የሚዋጠው ፍልቃቂ ያለ ጥርስ ሥራ በቀጥታ ወደ አሲዱ ስለሚወርድ፣ ምክሩ ነጭ ሽንኩርቱን የሚያዘው አሊሲን ለመሥራት በማይመች መንገድ ነው።

አሊሲን ራሱም ደም ውስጥ አይዞርም። ተበታትኖ ወደ ሌሎች የድኝ ውህዶች ይለወጣል። ከነዚህ አንዱ በደም ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ ይወጣል፤ ጥርስ ተፍቆም ሽታው የማይለቀው ለዚህ ነው። ሌሎቹ ቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ገብተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጥራሉ። ይህ ጋዝ ለገማ እንቁላል ሽታውን የሚሰጠው ነው፤ በብዛት መርዝ ሲሆን በጥቂቱ ግን የራሳችን የደም ሥር ግድግዳ ሳይቀር የሚያመነጨው መልእክተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በበርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ከነጭ ሽንኩርት ውህዶች ይህን ጋዝ ሲሠራ፣ ከአይጥ የተወሰደ የደም ሥር ቁራጭም በዚያው ሲላላ አሳይተዋል። የሥሩ ጡንቻ ሲላላ መተላለፊያው ይሰፋል፤ መተላለፊያው ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ሌላ ጋዝ የደም ሥርን እንዴት እንደሚያላላ ያሳዩት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተው ስለነበር፣ ጋዝ ለደም ሥር ትእዛዝ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ያኔ እንግዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ሥራ የደም መርጋትን ይመለከታል። ኬሚስቱ ኤሪክ ብሎክ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 የገለጸው አጆይን የተባለ ውህድ፣ ደም የሚያረጉ ፕላትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። (ሰው ይህን «ደም ያቀጥናል» ይለዋል። ደሙ ግን አይቀጥንም፤ የሚቀንሰው የመርጋት ችሎታው ነው። ወፍራም ደም አለኝና ላቅጥነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ይህ ልዩነት ሊታወቅ ይገባል።)

እዚህ ላይ እኛ የመድኃኒት ዕፅ ነገር የሚማርከን ሰዎች መጠንቀቅ አለብን። ሙከራዎችን በአንድ ላይ የገመገሙ ጥናቶች ደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በአማካይ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል እንደቀነሰ ያሳያሉ። ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አብዛኞቹ ሙከራዎች ትንንሽና አጭር ናቸው፤ ሽታው ማን ነጭ ሽንኩርት ማን ማስመሰያ ክኒን እንደወሰደ ያጋልጣል፤ የተሰጠውም በኩሽና የምናውቀው ሳይሆን በአብዛኛው በፋብሪካ የተዘጋጀ ክኒን ነው። ከነዚህም ለረጅም ጊዜ ተዘፍዝፎ የተዘጋጀው ዓይነት አሊሲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ግፊት ቀንሷል። ስለዚህ ከላይ በሰፊው የተረኩት የአሊሲን መንገድ ብቸኛው መንገድ ላይሆን ይችላል። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምረው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ነጭ ሽንኩርት በደም ግፊት ታማሚዎች ላይ ሞትንና የልብ ሕመምን ለመቀነሱ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ስለ ኮሌስትሮልም የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ውጤት፣ ጥሬውም ሆነ ክኒኑ መጥፎውን ኮሌስትሮል አልቀነሰም።

ወደ ቆዳ እንምጣ። አሊሲን ፈንገስ የሚገድለው የፈንገሱን ፕሮቲኖች በድኝ በኩል ይዞ ሥራ በማስፈታት ነው። የሰው ቆዳ ፕሮቲኖችም ያው ዓይነት ድኝ አላቸው፤ አሊሲን ጭርቱንና ቆዳውን አይለይም። ቬንዙዌላ ውስጥ በእግር ጣት ፈንገስ ላይ በተደረገ ሙከራ 0.4 በመቶ አጆይን ያለው ቅባት ጥሩ ውጤት ማሳየቱ እውነት ነው። ያ ግን ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በቅባት ተበርዞ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ልክ የለውም፤ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ሲታሰር ደግሞ አየር አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። መቅላት፣ ማቃጠል፣ ከዚያ ውሃ መቋጠር፣ ከዚያ ቆዳ መገፈፍ ይከተላል። ጠባሳና ጥቁረት ሊተው ይችላል። የሕፃናት ቆዳ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በየዕለቱ ብዙ ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ ወጥ ቤት ሠራተኛን እጅ ያስተውሉ፦ ቢላ በቀኝ የሚይዝ ከሆነ የሚሰነጠቀውና የሚደርቀው የግራ እጁ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ጫፍ ነው፤ ፍልቃቂውን ይዞ የሚውለው በነሱ ነውና። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ምልክት አይተው ሥራውን ያውቁታል።

ቆዳዎ ላይ ነጭ ሽንኩርት ካሰሩ አሁኑኑ ያንሱት፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፤ ውሃ ከቋጠረ ሳያፈርጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለጭርት መድኃኒት ቤት የሚሸጥ የፈንገስ ቅባት አለ።

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ አስፒሪን የታዘዘላቸው ሁሉ ብዙ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወይም ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መድኃኒቱና ነጭ ሽንኩርቱ ሲደራረቡ ደም መፍሰስ ሊከተል ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ክኒኑን እንዲያቆም ይመከራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሳኩዊናቪር የተባለውን መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ያህል እንደቀነሰው ታይቷል።

በወጥ፣ በአዋዜ፣ በሰላጣ ያለውን ነጭ ሽንኩርት ያለ ስጋት ይብሉ። ከቻሉ ወቅጠው ጥቂት ካሳረፉት በኋላ ያብስሉት። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ታዝዞልዎት ከሆነ ግን በቪዲዮ ምክር አንድ ቀን እንኳ አያቋርጡ። ደም ግፊት ሳያምም ይገድላል፤ ደህና መሆንዎን የሚነግርዎት የተለካ ቁጥር እንጂ የሚሰማዎት ስሜት አይደለም። ቪዲዮው ወደ እናትዎ ስልክ ደርሶ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለው ክኒኗን መውሰዷን ያረጋግጡ።