ዋስ የሆኑለት ተማሪ ሳይመለስ ቢቀርስ?

የጎረቤት ልጅ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘ ሲባል ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ከእልልታው በፊት ግን አንድ ሰው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ ፈርሟል፤ ዋሱ። ስለ ተጓዡ ብዙ ተብሏልና ዛሬ ስለዚህ ሰው እንነጋገር።

ለትምህርት ባሕር መሻገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተመልሰው የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት መላኩ በያንም የጣሊያን ወረራ ሲመጣ አገራቸው ገብተዋል። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ግን መሄድ እንጂ መመለስ ብርቅ እየሆነ መጣ። ምክንያቱን አንባቢ ያውቀዋል፤ ፖለቲካውም፣ ደመወዙም፣ ሁሉም አለበት። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች መልሳቸው ውል ሆነ፦ ሠራተኛው ተምሮ ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፤ ካልተመለሰ ደመወዙንና የወጣለትን ወጪ ይከፍላል፤ ለዚህም ዋስ ያቀርባል። ተማሪው ባሕር ማዶ ስለሆነ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚገኘው ዋሱ ብቻ ነው።

ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ማን ነው? አጎት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የዕድር ጓደኛ። «ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ ይሄዳል። ይሉኝታ ይዞት ወረቀቱን እንኳ አያነበውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ይህን ሰው ፈጽሞ አልረሳውም። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1725)፤ ሁለት ምስክሮችም ሊፈርሙበት ይገባል (ቁጥር 1727)። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር 1922 ነው። ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ ከተገባበት ወሰን አልፎ አይለጠጥም፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚለው የተለመደ አባባል ያስፈራል እንጂ ቁጥር ካልተጻፈበት በሕግ ፊት አይቆምም።

ወሰን የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም አለው። ልጁ ለሁለት ዓመት ማስተርስ ተልኮ፣ እዚያው ሳለ መሥሪያ ቤቱ ለዶክትሬት ጊዜ ቢጨምርለት፣ ለማስተርሱ ብቻ የፈረመው ዋስ ለተጨመረው ዓመት ተጠያቂ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ እንደገና ፈርሞ ካልሆነ በቀር።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «መጀመሪያ እሱ ይከሰስ፣ ከዚያ እኔን ጠይቁኝ» በሚለው ነው። ተራ ዋስ የባለዕዳው ንብረት አስቀድሞ እንዲፈለግ መጠየቅ ይችላል፤ ያውም ክሱ እንደቀረበ ካነሳው ነው። ነገር ግን ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ነኝ የሚል ከሆነ በቁጥር 1933 መሠረት ባለገንዘቡ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ቃል ሰፍሮ እንደሆነ ከመፈረም በፊት ማየት ነው። ዋሱ ከከፈለ በኋላ ተማሪውን መልሶ የመጠየቅ መብት አለው፤ ቶሮንቶ ያለን ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ማስከፈል ግን ለየቅል ነው።

ገንዘቡ በምን እንደተጻፈም ልብ ይሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጣሪያው በብር የተጻፈለት ዋስ ከዚህ ማዕበል ተርፏል። በዶላር የፈረመ ካለ ግን ዕዳው እሱ ተኝቶ ሳለ አድጓል።

አሁን ወደ ካዛንችስ ልምጣ። ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ በኋላም የብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ሆና ኖራለች። ለዋስነት የሚፈለገው ደግሞ ቋሚ ደመወዝ ያለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ተበተነ። በየውሉ ላይ ያለው አድራሻ ግን «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል» እንደሆነ ቀርቷል። ቤቱ የለም፤ መጥሪያ የሚቀበል ጎረቤትም የለም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ተከሳሽ በአድራሻው ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ጋዜጣውን ዋሱ ካላየው ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ ፍርድም ይሰጣል። ከላይ የዘረዘርኳቸው መከላከያዎች ሁሉ የሚጠቅሙት ቀርቦ ላነሳቸው ነውና፣ ሳይቀርብ የቀረው ሰው የገንዘብ መጠን ባልተጻፈበት ዋስትና እንኳ ሊፈረድበት ይችላል። የሚያውቀው ምናልባት ደመወዙ ወይም የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ ነው።

ስለዚህ ዋስ ሆነው የፈረሙና ሰፈር የለወጡ ሁሉ አዲሱን አድራሻቸውን ውሉን ለያዘው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቅጂውንም ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነም በሩ አልተዘጋም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 78፣ መጥሪያው በአግባቡ ያልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት ያልቀረበ ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠው ፍርድ እንዲነሳለት ያመለክት ዘንድ አንድ ወር ይሰጠዋል። ወሩ የሚቆጠረው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ቀኑንም የሚያስረዳ ወረቀት፣ የባንኩ ደብዳቤም ቢሆን፣ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።