ዳኛ በሌለበት ጠረጴዛ

ፑል ከሌሎች የውድድር ስፖርቶች ከሚለይባቸው ባሕርያት አንዱ አብዛኞቹ ግጥሚያዎቹ ያለ ዳኛ መካሄዳቸው ነው። በትልልቅ ሻምፒዮናዎች የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ዳኛ ከጠረጴዛው አጠገብ ቢቆምም፣ በክለብ ሊጎችና በከተማ ውድድሮች ዳኛ የሚጠራው ክርክር ሲነሳ ወይም አጠራጣሪ ምት ሊመታ ሲል ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ዳኝነቱ ለሁለቱ ተጫዋቾች የተከፈለ በመሆኑ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጋጣሚ የሌላውን ምት ይከታተላል፤ የሚመታው ደግሞ ጥፋት ከፈጸመ ራሱ እንዲናገር ይጠበቅበታል። ስለዚህ የተጫዋቹ ሐቀኝነት ለጨዋታው እንደ ኳሱና እንደ ስቲኩ አስፈላጊ ነው፤ እርሱ ሲጎድል ነጥብ መቆጠሩ ቢቀጥልም የተቆጠረው ነጥብ የማንን ብልጫ እንደሚያሳይ የሚያውቅ አይኖርም።

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው ጥፋቱ የሚፈጸምበትን ሁኔታ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ነው። የፑል ኳስ ዲያሜትር 57.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ተጫዋቹ ነጯን ኳስ ለመምታት በሌሎች ኳሶች ላይ ተሻግሮ፣ ጣቶቹን ለስቲኩ መደገፊያ አድርጎ ሲያጎነብስ፣ የእጁ ጠርዝ አንዷን ኳስ ዳሰስ አድርጎ ከነበረችበት በጥቂቱ ሊያነቃንቃት ይችላል። ከጠረጴዛው ርቆ የተቀመጠው ተጋጣሚ ይህን ማየት አይችልም፤ በተለይ የሚመታው ሰው ጀርባውን ከሰጠው ጨርሶ ይከለላል። የነካው ሰው ግን ንክኪው በቆዳው ላይ ስለሚሰማው፣ ከማንም ዓይን በፊት የራሱ እጅ ነገሩን አውቆታል። ዳኛ በሌለባቸው ብዙ ውድድሮች ነጯን ኳስ መንካት ፋውል ሲሆን፣ ባለ ቁጥር ኳስን ሳያውቁ ማነቃነቅ ግን በራሱ ፋውል አይሆንም፤ ኳሷ በአዲሱ ቦታዋ ትቆይ ወይም ወደ ቀድሞው ትመለስ የሚለውን የሚወስነው ተጋጣሚው ነው። ኳሷን ያነቃነቀ ሰው ዝም ብሎ ራሱ የመለሳት እንደሆነ፣ ጥፋት ያልነበረውን አጋጣሚ የሌላውን መብት ወደ መንጠቅ ቀይሮታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ድርብ ምት የሚባለው ጥፋት ነው፤ ይህም የስቲኩ ጫፍ ነጯን ኳስ በአንድ ምት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲመታት ማለት ነው። ነጯና ከፊቷ ያለችው ኳስ ሳይነካኩ በጣም ሲጠጋጉ፣ ስቲኩ በቀጥታ ከተሰነዘረ ነጯ ፊተኛዋን ገጭታ ሳትርቅ የስቲኩ ጫፍ መልሶ ይደርስባታል። ሁለቱ ኳሶች ክብደታቸው እኩል ስለሆነ፣ ነጯ ፊተኛዋን ፊት ለፊት ስትገጭ ፍጥነቷን ከሞላ ጎደል ለእርሷ አስረክባ መቆም ይኖርባታል፤ ወደፊት የሚያሽከረክር ኃይል ቢኖራት እንኳ የምትከተለው ለቅጽበት ከዘገየች በኋላ ነው። እኩል ፍጥነት ይዛ ፊተኛዋን ወዲያው ከተከተለች ግን ስቲኩ ዳግም እንዳገኛት ብዙም አያጠራጥርም። ኳሶቹ አስቀድመው ተነካክተው ከነበረ ደግሞ፣ በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ወደ ተነካችው ኳስ አቅጣጫ በተለመደ ምት መምታት ይፈቀዳል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ተጫዋች የተጋጣሚውን አለማወቅ መጠቀሚያ ሊያደርገው ይችላል፤ ሐቀኛው ግን ከመምታቱ በፊት ኳሶቹ መነካካት አለመነካካታቸውን አብሮ አይቶ ይስማማል ወይም ሦስተኛ ሰው ቀርቦ እንዲመለከት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የዓለም የፑልና ቢሊያርድ ማኅበር የጨዋታ ሕግ፣ አንድ ፋውል ቀጣዩ ምት ከመጀመሩ በፊት ካልተጠራ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል ይላል። ነጯ ኳስ ቀድማ መመታት ያለባትን ሕጋዊ ኳስና ሕጋዊ ያልሆነችዋን በአንድ ጊዜ የመታች ሲመስልና የትኛዋ እንደቀደመች መለየት ሳይቻል ሲቀርም፣ ሕጉ ሕጋዊዋ ቀድማ እንደተመታች ይወስዳል። አንዳንድ ተጫዋቾች ከእነዚህ ድንጋጌዎች ተነስተው ያልታየ ፋውል ፋውል አይደለም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። ይህ አተረጓጎም ስሕተት ነው፤ ሕጉ የወሰነው ክርክር የሚነሳበትን የጊዜ ገደብ እንጂ እውነቱን የመናገር ግዴታ የሚያበቃበትን ጊዜ አይደለም፤ ለመቺው የተሰጠው የጥርጣሬ ተጠቃሚነትም በእርግጥ ለሚጠራጠር ሰው እንጂ ጥፋቱን ለሚያውቅ ሰው የተሰጠ አይደለም። የአገራችን ሰው «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል፤ የፑል ተጫዋች ግን መናገር ያለበት ዳኛ ባልተገኘበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለው ሐቀኝነት ርካሽ አለመሆኑን መካድ አይገባም። ዘጠኝ ኳስ በሚባለው ጨዋታ፣ ማለትም ዝቅተኛ ቁጥር ያላት ኳስ ሁልጊዜ ቀድማ መመታት ባለባትና ዘጠኝ ቁጥርን በሕጋዊ ምት ያስገባ በሚያሸንፍበት ጨዋታ፣ ፋውል ሲፈጸም ተጋጣሚው ነጯን በእጁ አንስቶ በፈለገበት ቦታ ያስቀምጣል። በከፍተኛ ደረጃ ለሚጫወት ሰው ይህ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የጨዋታው መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ነጯን ነክቻለሁ» የሚለው ተጫዋች ጨዋታውን፣ አንዳንዴም የሽልማቱን ገንዘብ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል እያወቀ የሚናገር በመሆኑ፣ ንግግሩ ከጨዋነት ያለፈ ዋጋ አለው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብልጠትንና ማጭበርበርን መለየት ያስፈልጋል። ኳስ ለማስገባት ሳይሆን ለተጋጣሚ አስቸጋሪ ሁኔታ ለመተው የሚመታው የመከላከያ ምት፣ ምንም ያህል ቢያበሳጭ፣ የችሎታ አካል ነው። ተጋጣሚው ስቲኩን ሊሰነዝር ሲል በዓይኑ መስመር ላይ መንቀሳቀስ፣ ጠመኔ ወይም ብርጭቆ ማንኳኳት፣ አዛኝ መስሎ ስለ ምቱ አስቸጋሪነት ማውራት፣ ሆን ብሎ ጨዋታን ማዘግየት ግን የሌላውን ችሎታ ከጠረጴዛው ውጭ ለመስረቅ የሚደረግ ሙከራ ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ ተጋጣሚን ማወናበድን፣ የኳሶችን ቦታ ከምት ውጭ መለወጥን፣ ጠረጴዛ ላይ ምልክት ማድረግንና ጨዋታ ማዘግየትን ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጭ የሆኑ ድርጊቶች ብሎ ይመድባቸዋል። መለያው መስፈርት ግልጽ ነው፤ ብልጠት ኳሶቹ ላይ ይሠራል፣ ማጭበርበር ደግሞ ሰውየው ላይ ወይም መሣሪያው ላይ።

መስፈርቱ ይበልጥ የሚፈተነው በኳሶች አደራደር ላይ ነው። በዘጠኝ ኳስ ኳሶቹ አንድ ቁጥር ከፊት፣ ዘጠኝ ቁጥር ከመሐል ሆነው በአልማዝ ቅርጽ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ሁሉም በሚገባ ሲነካኩ በጎን ጫፍ ያሉት ኳሶች ደጋግመው ወደ ማዕዘን ቀዳዳ ይሄዳሉ፤ ከአንድ ቁጥር ኋላ የፀጉር ያህል ክፍተት ሲኖር ግን ያው የመክፈቻ ምት ኃይሉ ይሞታል። ተጋጣሚው ለሚከፍተው ጨዋታ ክፍተት ትቶ የሚደረድርና ራሱ ለሚከፍተው ኳሶቹን በዘዴ የሚያሰናዳ ሰው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ውጤቱን እየቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ኦፕን የዘጠኝ ኳስ ውድድር ያሸነፈው ኮሪ ዱኤል፣ ለስላሳ በሆነ የመክፈቻ ምት አንዷን የጎን ኳስ ደጋግሞ በማስገባት ብዙ ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ሆኖም እርሱ ያደረገው በሁሉም ዓይን ፊት የተደረደረውን ማንበብ ስለነበር፣ ድርጊቱ ከብልጠት ወገን ይመደባል። በእንዲህ ያለው አከፋፈት ላይ የተነሳው ቅሬታ መፍትሔ ያገኘውም ተጫዋቹን በመውቀስ ሳይሆን አሠራሩን በማስተካከል ነው፤ ዛሬ በብዙ ውድድሮች ገለልተኛ ሰው ይደረድራል፣ ኳሶቹን አጠጋግቶ የሚይዝ ስስ ፕላስቲክ ጥቅም ላይ ይውላል፣ ጥቂት ኳሶች የተወሰነ መስመር ካላለፉ መክፈቻው ሕጋዊ አይሆንም የሚል ደንብም ይሠራበታል።

በአማተር ሊጎች ውስጥ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን ችሎታን መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ቴሪ ቤልና ላሪ ሁባርት የተባሉ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች የመሠረቱት የአሜሪካ የፑል ተጫዋቾች ማኅበር ሃንዲካፕ የሚባለውን ሥርዓት ይጠቀማል፤ ይህም ደካማው ከጠንካራው ጋር ተቀራራቢ ዕድል እንዲኖረው ማሸነፍ ያለባቸውን የጨዋታ ብዛት በደረጃ መለያየት ነው። ስምንት ኳስ በሚባለው ጨዋታ ደረጃው ከ2 እስከ 7 ሲሆን፣ በአንድ የቡድን ግጥሚያ የሚሰለፉ አምስት ተጫዋቾች ድምር ከ23 መብለጥ የለበትም። ደረጃው የሚሰላው ተጫዋቹ ለማሸነፍ ከፈጀበት የተራ ብዛት በመነሳት ስለሆነ፣ አንዳንዱ የሚገባውን ኳስ ሆን ብሎ እየሳተ ተራውን ያበዛል፤ በዚህም ዝቅተኛ ደረጃ ይዞ ወደ ትልቁ ውድድር ይሄዳል። የመከላከያ ምቶች በነጥብ ወረቀቱ ላይ ለብቻ የሚመዘገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። በጠረጴዛ ላይ ፋውል የሚደብቅ ሰው አንድ ተጋጣሚን ይበድላል፤ ችሎታውን የሚደብቅ ግን ጀማሪውን ወደ ውድድር የጠራውን መለኪያ ራሱን ያበላሻል። ጀማሪውም የተሸነፈው ድክመቱን በሚያሳየው ትክክለኛ ሚዛን ስላልሆነ ከሽንፈቱ አንዳች አይማርም።

ከችሎታ መደበቅ ጋር የሚዛመደው ማንነትን መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ዝናው ቀድሞት ስለነበር ሴሳር ሞራሌስ በሚል ስም ተጫውቶ በሂውስተን ከተማ የተካሄደ ውድድር ማሸነፉ ይታወቃል። በ1999 በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውና በብዙዎች ዘንድ ከምንጊዜም ታላላቆች አንዱ የሚባለው ይህ ሰው በጠረጴዛ ላይ ማንንም አላታለለም፤ ኳሶቹን ያስገባው በችሎታው ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ሳያውቅ ገንዘብ አስይዞ የሚገጥም ሰው ምን እንደተስማማ ሳያውቅ የተስማማ በመሆኑ፣ ድርጊቱ በዘመኑ የቁማር ባህል የተለመደ ቢሆንም የተሟላ ፍትሕ ነበረው ማለት አይቻልም። ታላቅን ማክበርና ሥራውን በሚዛን ማየት አብረው ሊሄዱ ይገባል።

ገንዘብ ሲገባ ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል የፑል የቅርብ ዘመድ የሆነው ስኑከር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሥር ቻይናውያን ፕሮፌሽናሎች ከጨዋታ ማጭበርበር ጋር በተያያዙ ጥፋቶች ሲቀጡ፣ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ ዕድሜ ልክ ታግደዋል። ጨዋታ ሆን ብሎ ባይሸነፍም የሌላውን ማጭበርበር በመተባበርና በመወራረድ የተቀጣው ዣኦ ሺንቶንግ የ20 ወር እገዳውን ጨርሶ ተመለሰና በ2025 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል፤ ጨዋታን መሸጥ ሥራን እስከ መጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል፣ ልክ ያለው ቅጣት ደግሞ ለተጸጸተ ሰው የመመለሻ መንገድ ይተዋል።

ኃላፊነቱ በሚመታው ሰው ላይ ብቻ አይወድቅም። የተቀመጠው ተጋጣሚ ያላየውን ፋውል መጥራት፣ በሽንፈት ብስጭት ክርክር ማንሳት ወይም በደጋፊ ጫጫታ ማስፈራራት አይኖርበትም፤ አጠራጣሪ ምት ሲመጣ ከምቱ በኋላ ከመከራከር ይልቅ ከምቱ በፊት ተመልካች መጥራት ግዴታው ነው። ይህ በተለይ በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ፑል ቤቶች ለሚጫወቱ ወጣቶች ይጠቅማል፤ ሕጉ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከመጀመሪያው ምት በፊት ፋውል የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ነጯ ኳስ ስትገባ ምን እንደሚደረግ ተነጋግሮ መስማማት ከብዙ ጠብ ያድናል።

አሰልጣኞችና የፑል ቤት ባለቤቶችም ለጀማሪ የስቲክ አያያዝና አቋቋም በሚያስተምሩበት በመጀመሪያው ቀን፣ ኳስ ሲነካ ቀና ብሎ «ነክቻለሁ» ማለትን አብረው ሊያስተምሩ ይገባል። እጅ አንዴ የለመደውን በኋላ ለማረም እንደሚከብድ ማንም አሰልጣኝ ያውቃል፤ ዝምታም እንዲሁ ይለመዳል። ሐቀኛ ተጫዋች በአንድ ምሽት አንድ ጨዋታ ሊያጣ ይችላል፤ ያሸነፈውን ግን ሁሉም ሰው፣ ከሁሉም በፊት ራሱ፣ ያምንለታል።