ለሚያነብ ልጅ ሽልማት፦ ያበረታታል ወይስ ንባቡን ያስጠላል?

በሎስ አንጀለስ ሚድ ዊልሻየር አካባቢ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው ሰፈር ይገኛል። የምግብ ቤቶችና የመደብሮች ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የሚታይበት ይህ ሰፈር፣ በሰፊዋ ከተማ ተበታትነው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመገናኛ ስፍራ ነው። የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ሰኔ መግቢያ ላይ ተዘግተው እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ሲቆዩ፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ሁለት ወር የሚዘልቅ ባዶ ጊዜ ይጠብቃቸዋል። አዲስ አበባ በዝናብ በምትርስበት በዚህ ወቅት ሎስ አንጀለስ የምትውለው በፀሐይ ነው፤ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው። ልጁ ከስልክና ከቴሌቪዥን ተነጥሎ መጽሐፍ እንዲይዝ ምን ይደረግ?

የከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት በዕረፍቱ ወራት የንባብ መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ፤ ለሚሳተፉ ልጆችም ሽልማት አላቸው። በየቤቱም «ይህን መጽሐፍ ከጨረስክ ይህን እገዛልሃለሁ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አሠራር ልጁን አንባቢ ያደርገዋል ወይስ ንባብን እንደ ቀን ሥራ በዋጋ የሚቆጥር ያደርገዋል የሚለው ክርክር ተመራማሪዎችን ከሃምሳ ዓመት በላይ አከራክሯል። አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጎን ለማሳደግ ለሚጥር ቤተሰብ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ገጽታ አለው። ሽልማቱ የሚቆጠረው በየትኛው ቋንቋ ለተነበበ መጽሐፍ ነው?

በቅድሚያ የዕረፍቱ ወራት ያን ያህል የሚያሳስቡት ለምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1982 በባልቲሞር ከተማ በ20 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የገቡ 790 ያህል ልጆችን መከታተል የጀመሩ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያዎች፣ የድሃና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ልጆች ውጤት የሚራራቀው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ ሳይሆን በተዘጋበት ጊዜ እንደሆነ አስረዱ። ሁኔታውንም በቧንቧ መሰሉት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ውኃው ለሁሉም ይፈስሳል፤ ሲዘጋ ግን ውኃ የሚያገኘው በቤቱ የተጠራቀመ ያለው ብቻ ነው። ይህ ግኝት ለረጅም ጊዜ ያለ ብዙ ጥርጣሬ ሲጠቀስ ኖሯል። ሆኖም ፖል ቮን ሂፐል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ውጤት የሚሰላበት መንገድ ልዩነቱን አግንኖት ሊሆን እንደሚችል፣ በአዳዲስ ፈተናዎች ሲለካም ተመሳሳይ ውጤት ሁልጊዜ እንደማይገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ «በዕረፍቱ ልጁ የተማረውን ሁሉ ይረሳል» የሚለው ሥጋት ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የማያከራክረው፣ ሁለት ወር ሙሉ ያላነበበ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሊያገኝ የሚችለውን ልምምድ ማጣቱ ነው።

ሽልማትን የሚቃወሙ ወገኖች ዘወትር የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ማንም ሳያዛቸው በባለቀለም እስክሪብቶ መሣል የሚወዱ 51 ሕፃናትን መረጡ። ለአንደኛው ቡድን ከሣሉ የወርቅ ኮከብና ጥብጣብ ያለበት የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድመው ነገሯቸው። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ሽልማት ሳይጠብቅ በድንገት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በነፃ ጊዜያቸው ምን እንደሚያደርጉ በስውር ሲታዩ፣ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ሕፃናት ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ 9 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ዘንድ ግን ከ17 እስከ 18 በመቶ ደርሶ ነበር። ስለ ሽልማቱ ሲሉ የሣሉት ልጆች፣ ሽልማቱ ሲቀር ሥዕሉንም ቀነሱ ማለት ነው።

ኤድዋርድ ዴሲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን የመሳሰሉ 128 ሙከራዎችን በአንድነት መርምረው፣ አስቀድሞ ቃል የተገባ ቁሳዊ ሽልማት ውስጣዊ ፍላጎትን እንደሚያዳክም፣ ከልብ የሆነ የቃል ምስጋና ግን እንደሚያጠናክር ደምድመዋል። ጁዲ ካሜሮንና ዴቪድ ፒርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ጉዳቱ የተጋነነ መሆኑን ተከራክረው ነበር። ክርክሩ አሁንም ፈጽሞ አልተዘጋም። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። በስታንፎርድ የተፈተኑት ልጆች ከመጀመሪያውም መሣል የሚወዱ ነበሩ። የሚወደውን ነገር እያደረገ ላለ ልጅ ዋጋ መክፈል ፍቅሩን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ገና ያልጀመረውን ነገር እንዲሞክር መገፋፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጽሐፍ ይዞ የሚተኛ ልጅና ፊደል ገና የሚያታግለው ልጅ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይታዘዝላቸውም።

ለሽልማት የሚከራከሩ ወገኖች የሚያነሱት ማስረጃ በበኩሉ ከቴክሳስ ግዛት ዳላስ ከተማ የተገኘ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ሮላንድ ፍራየር በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች ለተማሪዎች ገንዘብ መክፈል ውጤታቸውን ያሻሽል እንደሆነ በሰፊው ፈትነዋል። በኒው ዮርክ ልጆች የተከፈላቸው ለፈተና ውጤት፣ በቺካጎ ደግሞ ለክፍል ውጤት ነበር፤ በሁለቱም ከተሞች ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። በዳላስ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጆች የተከፈላቸው ለማንበባቸው ነው። አንድ መጽሐፍ ጨርሶ በኮምፒዩተር ከሚቀርቡለት አጫጭር ጥያቄዎች ቢያንስ 80 በመቶውን የመለሰ ልጅ 2 ዶላር ያገኝ ነበር። በአንድ መንፈቅ ዓመት የሚከፈለውም እስከ 20 መጻሕፍት ድረስ ነው። አንድ ልጅ በዓመቱ በአማካይ ያገኘው ገንዘብ ከ14 ዶላር ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የጥናቱ ውጤት መሠረት፣ በሙከራው ከታቀፉት መካከል መሻሻል ካሳዩት ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑት የዳላስ ልጆች ይገኙበታል።

ልዩነቱን መረዳት አያዳግትም። «ጥሩ ውጤት አምጣ» የተባለ ልጅ ውጤቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ ላያውቅ ይችላል፤ «ይህን መጽሐፍ አንብብ» የተባለው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሽልማት የሚሠራው በልጁ እጅ ላለ ተግባር ሲሰጥ ነው ማለት ይቻላል።

ለሁለት ቋንቋ ቤተሰብ ትልቁን ትምህርት የያዘው ግን የዚሁ ጥናት ሌላኛው ገጽ ነው። በዳላስ ፈተናቸውን በስፓንኛ የወሰዱት ልጆች፣ ያው ክፍያ ቢቀርብላቸውም መሻሻል አላሳዩም፤ እንዲያውም ውጤታቸው ወደ ታች ያዘነበለ ነበር። ሊሆኑ ከሚችሉት ምክንያቶች አንዱ የጊዜ ሽሚያ ነው። ጥያቄ የተዘጋጀላቸውና ገንዘብ የሚያስገኙት መጻሕፍት በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ከሆኑ፣ ልጁ በቤቱ ቋንቋ የሚያነብበትን ጊዜ ለእንግሊዝኛው ይሰጣል። ይህ ማብራሪያ ብቸኛው ባይሆንም፣ ሽልማት የልጅን ጊዜ ከአንዱ ቋንቋ ወስዶ ለሌላው ሊሰጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

በፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያ የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት፣ ጓደኛና መንገድ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ያግዙታል። አማርኛው ያለው በቤትና በቤተ ክርስቲያን፣ ወይም በሳምንቱ መጨረሻ በሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት ነው። ፊደሉ ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል፤ ከ200 በላይ ቅርጾችን በቅጽበት ለይቶ ማወቅ በወር በአንድ ቀን ንባብ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ዴቪድ ሼር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳብራሩት፣ ልጅ አዲስ ቃል ባጋጠመው ቁጥር በራሱ ድምፅ አውጥቶ ሲያነበው የቃሉ መልክ በአእምሮው ይቀረጻል፤ በዚህ መንገድ አንባቢ ራሱን በራሱ ያስተምራል። ለዚህ ግን ብዙ ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል። ሽልማቱ እንግሊዝኛን ብቻ ከቆጠረ፣ ያለ ሽልማትም ብዙ ደጋፊ ያለውን ቋንቋ ደግፎ ደጋፊ ያጣውን ይተወዋል።

የሽልማቱ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ባርባራ ማሪናክና ሊንዳ ጋምብረል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ 75 የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በቡድን ከፍለው ለአንዳንዶቹ መጽሐፍ፣ ለሌሎቹ ትናንሽ መጫወቻዎችን ሸለሙ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ያሻቸውን እንዲያደርጉ ሲለቀቁ፣ መጽሐፍ የተሸለሙትና ምንም ያልተሸለሙት ንባባቸውን የመቀጠል ፍላጎታቸው መጫወቻ ከተሰጣቸው የበለጠ ነበር። ሽልማቱ ለድርጊቱ ቅርብ ሲሆን «ንባብ ዋጋ ያለው ነገር ነው» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ መጫወቻው ግን «ንባብ ወደ ሌላ ነገር መሸጋገሪያ ነው» ይላል።

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጀመረው መርሐ ግብርም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። መጽሐፍ አዘግይተው በመመለሳቸው የገንዘብ ቅጣት ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው ላነበቡት ለእያንዳንዱ ሰዓት 5 ዶላር ከዕዳቸው ይቀነስላቸው ነበር። ሽልማቱ ከረሜላ ወይም መጫወቻ ሳይሆን ዳግመኛ መጽሐፍ የመዋስ መብት ነው። ከካውንቲው የተለየ አስተዳደር ያለው የሎስ አንጀለስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የመዘግየት ቅጣትን ጨርሶ አስቀርቷል።

መጽሐፍን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መስጠት ራሱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በፍሎሪዳ ተፈትኗል። ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቻቸው ድህነት በበረታባቸው 17 ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 852 ልጆች፣ በሦስት ተከታታይ የዕረፍት ወቅቶች ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት በየዓመቱ በነፃ ሰጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት፣ መጽሐፍ ካልተሰጣቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ቢሆንም እውነተኛ መሻሻል አሳይቷል። ጄምስ ኪምና ቶማስ ኋይት እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ጥናት በበኩሉ፣ መጽሐፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የሚያዳምጠው፣ ስላነበበውም የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ውጤቱ እንደሚጎላ ጠቁሟል።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ሲደግም በብዙ ቦታ ቤተሰቡ ይደግስ፣ ለየኔታም ስጦታ ይቀርብ ነበር። ያ ሥርዓት አርጩሜም ስለነበረበት ሙሉ በሙሉ የሚናፈቅ አይደለም። የድግሱ አሰጣጥ ግን የሚቀሰምበት ነገር አለው። ለእያንዳንዱ መዝሙር ሳንቲም አይቆጠርም ነበር። ልጁ ትልቅ ደረጃ ላይ ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የንባብ ሰው መሆኑን ይመሰክርለታል። የተከበረው የተነበበው ገጽ ብዛት ሳይሆን አንባቢው ነው።

የቀረው ትልቅ ችግር የመጽሐፉ መገኘት ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ማጣታቸው ለሥራ አነሳሳቸው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። በእጁ ምንም የሚነበብ የሌለው ልጅ በማንኛውም ሽልማት አንባቢ አይሆንም።

እንግዲህ ጥናቶቹ ሲደመሩ ለወላጅ የሚተርፈው ምክር ግልጽ ነው። በፍላጎቱ የሚያነብን ልጅ በዋጋ ማባበል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጽሐፍና ስላነበበው የሚያወራው ሰው ነው። ለመጀመር የሚከብደውን ልጅ መሸለም ነውር የለበትም፤ ሽልማቱ ግን ለሚጨርሰው መጽሐፍ እንጂ ለሚያመጣው ነጥብ አይሁን፤ አነስተኛና ለንባብ የቀረበ ይሁን፤ ልጁ ሲለምድም ቀስ በቀስ ይቅር። በቤተ መጻሕፍት መርሐ ግብር የሚሳተፍ ወላጅ በአማርኛ የተነበበ መጽሐፍ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። የማይቆጠር ከሆነ ቤት ውስጥ ይቆጠር፤ አንድ የአማርኛ ገጽ ለጀማሪ የሚጠይቀው ድካም ከእንግሊዝኛው ስለሚበልጥም ሚዛኑ ወደዚያ ቢያጋድል ፍትሕ ነው። አያት በስልክም ቢሆን ልጁ ሲያነብ ቢያዳምጡና «ጎበዝ፣ እደግ» ብለው ቢመርቁት፣ ተመራማሪዎቹ ፍላጎትን ያጠናክራል ያሉት ምስጋና ያለ አንዳች ወጪ ተከፈለ ማለት ነው።