ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ላይ ይመልከቱ

በጥር ወይም በየካቲት አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጉራራ ወይም ቀበና አካባቢ ቤት ለማየት የሄደ ሰው ወንዙን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ቀጭን ውሃ ነው። ደላላው «ነፋሻ ነው፣ እይታውም ግሩም ነው» ይላል። ገዢው የሚጨነቀው ስለ ካርታው ነው፦ ትክክለኛ ነው ወይ? ዕዳና ዕገዳ የለበትም ወይ? ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተዋል ወይ? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ካርታ ይዞታው የማን እንደሆነ እንጂ ነሐሴ ላይ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ አይናገርም። ያንን ለማወቅ እንጦጦን ማወቅ ያስፈልጋል።

የእንጦጦ ሸንተረር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ሸንተረሩ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ወሰንም ነው፤ በሰሜን ፊቱ የዘነበው በሙገር በኩል ዓባይን ሲቀላቀል፣ በደቡብ ፊቱ የዘነበው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በሌሎች ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የሚያሰጋው ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከበላዩ ባለው ተራራ ላይ የወረደው ሁሉ በደጁ ያልፋል።

ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ብዙ ቦታ መሬቱ የተራቆተ ነው፤ ቅጠሉ ለማገዶ ይጠረጋል፣ በእናቶች ጀርባ ተጭኖም ወደ ከተማ ይወርዳል። ሣር፣ ቁጥቋጦና የበሰበሰ ቅጠል በሌለበት ቁልቁለት ላይ ዝናቡ ወደ መሬት አይሰርግም፤ አፈሩን ጠርጎ ይንደረደራል። እንጦጦ ላይ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ መልሶ ለመትከል የሚደረገው ጥረት ከታች ላለው ነዋሪ ጭምር መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። በዚያ ላይ ትናንት ማሳና ቁጥቋጦ የነበረው ዳገት ዛሬ ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ለብሷል። «ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አንድም ቀን ውሃ አልገባም» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ግን ስለ ቀድሞው ተራራ ነው።

የደራሽ ውሃን ጠባይ ለማወቅ ድሬዳዋን ማስታወስ በቂ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ዝናቡ የጣለው በሐረርጌ ደጋ ነበር። ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ከመኖሪያቸው ወሰደ። አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 በአንድ ቀን ዝናብ ሰው በጎርፍ አጥታለች።

ታዲያ ገዢ ምን ይመርምር? ከሁሉ በፊት በክረምት፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጥል ቦታው ድረስ ይሂድ። ግዢው በበጋ ከሆነ ውሃው ጥሎት የሄደውን ምልክት ያንብብ። በወንዙ ዳር ባሉ ቁጥቋጦዎችና በአጥር ሽቦ ላይ የተሰቀለ ፌስታልና ጨርቅ ሙላቱ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል፤ ከመሬት በሜትር ይለኩት። የላሜራ በር ታችኛው ክፍል ብቻ ዝጎ እንደሆነ፣ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ይመልከቱ። እኔ ከሁሉ የበለጠ የማምነው የጎረቤቶችን ደፍ ነው። በአንድ መንደር በየበሩ ሥር በሲሚንቶ የተሠራ ከፍ ያለ ደፍ ከታየ፣ ማንም ለጌጥ አልሠራውም።

ከዚያ ሰው ይጠይቁ። ደላላውን ሳይሆን የሱቁን ባለቤት፣ ጥበቃውን፣ በሰፈሩ ያረጁትን እናት። «እማማ፣ ይሄ ውሃ ክረምት ላይ የት ድረስ ይመጣል?» ካሏቸው በእጃቸው ያሳዩዎታል። ቀጥሎ በታች በኩል ያለውን ድልድይ ወይም ቱቦ ይዩ። አፉ በግንድና በቆሻሻ ከተደፈነ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተኛው በላይኛው ቤት ግቢ ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ራቅ ቢልም አያመልጥም።

ሙሌት ያለበት ቦታ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንዝ ዳር የሕንፃ ፍርስራሽ እየተደፋ፣ ላዩ ገረጋንቲ እየለበሰ፣ ሜዳ የሚመስል ግቢ ይፈጠራል። በአካፋ አንድ ሜትር ያህል ያስቆፍሩ፤ የብሎኬት ስባሪ፣ ፌስታልና አመድ ከወጣ የቆሙት በሙሌት ላይ ነው። ወንዙ እንዲህ ያለውን ቦታ ከሥሩ እየበላ ስለሚሄድ የድጋፍ ግንቡ ከነቤቱ ሊናድ ይችላል። ጉግል ኧርዝ ላይ የቀደሙ ዓመታትን የሳተላይት ምስሎች ከፍቶ ማየትም ይረዳል፤ ወንዙ ቀድሞ በየት ይሄድ እንደነበር፣ ግቢው መቼ እንደተሞላ በግልጽ ይታያል።

የወንዝ መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚሉት አለ። በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት ግን አይደለም፤ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ሲሰላ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 26 ይሆናል። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። በ99 ዓመት ውስጥ ያው ጎርፍ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 63 ነው። ለልጅ ልጅ ቤት እገዛለሁ የሚል ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

በመጨረሻ ቢሮ ይግቡ። በካርታው ላይ ያሉትን መጋጠሚያ ነጥቦች (ኮኦርዲኔት) ይዘው በክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቦታው በፕላን ለምን እንደተመደበ ያጣሩ፤ ባለይዞታውም የፕላን ስምምነት ጠይቆ እንዲያሳይዎ ያድርጉ። «የወንዝ ዳርቻ» ወይም «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ ከተመደበ ውሃው ባይመጣ እንኳ ልማቱ ይመጣል። ከእንጦጦ እስከ ፒኮክ መናፈሻ የሚዘልቀው የወንዝ ዳርቻ ልማት ቀበናን ተከትሎ ሲወርድ ከወንዙ ዳር የተነሡ ቤቶች አሉ።

ከተማ አስተዳደሩም አንድ ነገር ቢያደርግ ብዙ ቤተሰብ ይድናል፦ ከወንዝ አጠገብ ለሚገኝ ይዞታ የሚሰጥ ካርታ ሁሉ ቦታው ከወንዙ ያለውን ርቀትና ከወንዙ ወለል ያለውን ከፍታ ቢያሰፍር። ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የከተማው ቀያሾች መሣሪያውም ሙያውም አላቸው። ያ እስኪሆን ድረስ መለካቱ የገዢው ሥራ ነውና ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይለኩ።